የሜሪላንድ የሥራ አጥ ክፍያ ሲገመገም፦ ገንዘቡ አለ፣ «ኢሹ» እንዳይገባበት

በዋሽንግተን ዙሪያ ሥራ ያጣ ሐበሻ ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «አንኢምፕሎይመንት ሙላ»። ምክሩ ልክ ነው። እንዴት እንደሚሞላ፣ ምን ሲጻፍ ክፍያው እንደሚቆም፣ ሲቆም ደግሞ በምን እንደሚነሣ ግን መካሪዎቹ አይነግሩም። እዚህ የሚገመገመው የሜሪላንድ አገልግሎት ነው፤ ከሴፕቴምበር 2020 ጀምሮ የሚሠራው «ቢኮን» በሚባል የኢንተርኔት ሥርዓት ነው። ዲሲና ቨርጂኒያ የሚነሡት ልዩነታቸው ኪስ የሚነካ ሲሆን ብቻ ነው።

ፍርዱን ቀድመን እንስጥ። ሥራ በመቀዝቀዙ የተሰናበተ፣ አንድ ቀጣሪ ብቻ የነበረው፣ ስሙም በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ፣ በመንጃ ፈቃዱና በፔይ ስታቡ ላይ አንድ ፊደል እንኳ ሳይለያይ የተጻፈ ሰው ይህን አገልግሎት ሊያመሰግነው ይችላል፤ ማመልከቻው የአንድ ምሽት ሥራ ነው፣ ክፍያውም በጥቂት ሳምንት ይደርሳል። ከሦስቱ አንዱ የጎደለው ግን ፋይሉ ላይ «ኢሹ» ይወጣበታል። ኢሹ ማለት ኮምፒውተሩ መወሰን አቅቶት ጉዳዩን ለሰው አሳልፎ ሰጥቷል ማለት ነው፤ ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ፋይሉ ብዙ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ለስቴቶች ያወጣው መለኪያ ራሱ ከመጀመሪያ ክፍያዎች 87 በመቶው በ14 ወይም በ21 ቀን ውስጥ ይውጡ ነው የሚለው፤ 21 ቀን የተሰጠው እንደ ሜሪላንድ «የመጠበቂያ ሳምንት»፣ ማለትም የማይከፈልባት የመጀመሪያ ሳምንት፣ ለሌላቸው ስቴቶች ነው። የቀሩት 13ቱ በመለኪያው ሳይቀር እንዲጠብቁ የተተዉ ናቸው። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ከ87ቱ መካከል ሆኖ ስለመቆየት ነው።

አንዳንዱ ሰው «የመንግሥት ምጽዋት ነው» ብሎ ሳይሞላ ይቀራል። ክፍያው ከ1935ቱ የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ የመነጨ ኢንሹራንስ ነው። አረቦኑን የሚከፍለው ቀጣሪው ሲሆን ሜሪላንድ ውስጥ ታክሱ የሚሰላው ከእያንዳንዱ ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ በመጀመሪያው 8,500 ዶላር ላይ ብቻ ነው፤ ከሠራተኛው ቼክ ለዚህ ተብሎ የሚቆረጥ ሳንቲም የለም። የታክሱ መቶኛ ደግሞ የቀድሞ ሠራተኞቹ ምን ያህል ክፍያ እንደወሰዱ እየታየ ከፍ ዝቅ ይላል። «ሰባት ዓመት አገልግዬው ለምን ተከራከረኝ?» ለሚል ሰው መልሱ እዚህ ላይ ነው፤ ቀጣሪው የሚከራከረው ስለሚጠላ ላይሆን ይችላል፣ የሚቀጥለውን ዓመት ታክሱን እያሰላ ነው።

ኡበርና ሊፍት ብቻ የሚነዳ ወይም በ1099፣ ማለትም እንደ ግል ሠራተኛ፣ ብቻ የሚከፈለው ሰው አረቦን የከፈለለት ቀጣሪ ስለሌለ በዚያ ገቢ ብቁ አይሆንም። ሹፌሮች በ2020 እና በ2021 የወሰዱት ገንዘብ «ፒዩኤ» የሚባል የኮቪድ ጊዜ ልዩ ፕሮግራም ነበር፤ በሴፕቴምበር 2021 ተዘግቷል። ዛሬም እንዳለ አድርጎ የሚያወራ አይጠፋም። ቀን ሆቴል ውስጥ በደብልዩ ቱ፣ ማለትም እንደ ተቀጣሪ፣ እየሠራ ማታ ኡበር የሚነዳ ሰው ግን ሆቴሉ ሲያሰናብተው በሆቴሉ ደመወዝ ማመልከት ይችላል፤ የኡበሩን ገቢ በየሳምንቱ ማሳወቅ ግዴታው ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌሮችና የካፌቴሪያ ሠራተኞች ደግሞ ሌላ አጥር አለባቸው። ትምህርት ሲከፈት እንደሚመለሱ ትምህርት ቤቱ አሳማኝ ማረጋገጫ ከሰጣቸው፣ በዚያ ደመወዝ ትምህርት ለሚዘጋባቸው የሰመር ወራት አይከፈላቸውም። የፌዴራሉ ሕግ ለእነዚህ ሠራተኞች ክልከላውን ለየስቴቱ ውሳኔ የተወው ነው።

ማመልከቻው የሚገባው በሚኖሩበት ሳይሆን በሠሩበት ስቴት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖረ ዲሲ ሆቴል ውስጥ የሠራ ለዲሲ ያመለክታል፤ አሌክሳንድሪያ እየኖረ ቤተስዳ ፓርኪንግ ውስጥ የሠራ ለሜሪላንድ። በሁለት ስቴት የሠራ ሰው ደመወዞቹ እንዲደመሩለት መጠየቅ ይችላል፤ ጉዳዩን ያዘገየዋል፣ ነገር ግን አንዱ ስቴት ብቻውን በቂ ባልሆነበት ጊዜ መውጫው ይኸው ነው። ስቴት መሳሳት ሳምንት ያስበላል፣ ክሌም፣ ማለትም የክፍያ ጥያቄው፣ የሚጀምረው ካመለከቱበት ሳምንት እሑድ ነውና። ሥራው ሰኞ ቆሞ «እስኪ ሌላ ሥራ ልሞክር» ብሎ አንድ ወር የቆየ ሰው ያን ወር በኋላ ልመልስ ቢል ጠንካራ ምክንያት ማቅረብ ይጠበቅበታል። «አላወቅኩም ነበር» እንደ ጠንካራ ምክንያት እምብዛም አይቆጠርም።

የክፍያው ስሌት ከሁሉም የሚገርም ነው፤ ሲገባዎት ቀላል ነው፣ እስኪገባዎት ግን ማንም አያብራራውም። ሜሪላንድ የሚያየው ካመለከቱበት ጊዜ በፊት ከተጠናቀቁት አምስት ሩብ ዓመቶች የመጀመሪያዎቹን አራቱን ነው። በፌብሩዋሪ 2026 ያመለከተ ሰው የሚታይለት ከኦክቶበር 2024 እስከ ሴፕቴምበር 2025 ያለው ደመወዝ ነው። ከእነዚህ ብዙ ገንዘብ የተገኘበት አንዱ ሩብ ተወስዶ ለ24 ይካፈላል። በዚያ ሩብ 7,200 ዶላር ያገኘ በሳምንት 300 ይደርሰዋል። ጣሪያው 430 ዶላር ነው፤ ሩብ ዓመት 10,320 ያገኘም 30,000 ያገኘም ያው 430። የጊዜው ጣሪያ 26 ሳምንት ነው። ለልጅ በሳምንት 8 ዶላር እስከ አምስት ልጅ ይጨመራል፣ ድምሩ ግን ከ430 አያልፍም። በሰዓት 15 ዶላር፣ ማለትም በስቴቱ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ 40 ሰዓት ሲሠራ የነበረ ሰው 325 ያህል ያገኛል፤ ሲሠራ ያገኝ የነበረው ታክስ ሳይቆረጥ 600 ነበር። ዲሲ ለ26 ያካፍልና ጣሪያውን 444 ያደርገዋል፤ በተጨማሪም የመጀመሪያዋን ሳምንት አይከፍልም። በሁለቱም ቦታ የቤት ኪራይ ከዚህ ገንዘብ እንደማይወጣ ለነዋሪው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ አገር ውስጥ ከገባ ወይም ሥራ ከጀመረ ገና አንድ ዓመት ያልሞላው ሰው በተለመደው ስሌት «ደመወዝ የለህም» ሊባል ይችላል። ያኔ ሌላው ስሌት፣ የመጨረሻዎቹን አራት የተጠናቀቁ ሩቦች የሚወስደው፣ እንዲታይለት ይጠየቃል፤ በላይኛው ምሳሌ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር 2025 ማለት ነው። የዚያ የመጨረሻ ሩብ ደመወዝ ገና ወደ ስቴቱ መዝገብ ላይገባ ስለሚችል ፔይ ስታብ ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ ሩብ ዓመት ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት ሥራ የቆመበት ሰው ከማመልከቱ በፊት እርሳስ ያንሣ። ማርች 30 ማመልከትና ኤፕሪል 6 ማመልከት የተለያዩ አራት ሩቦችን ያመጣሉ። ባለፈው ኦክቶበር ደመወዙ የጨመረለት ወይም ብዙ ኦቨርታይም የሠራ ሰው አንዲት ሳምንት ከስሮ ለሚቀጥሉት 26 ሳምንታት የተሻለ ክፍያ ሊያገኝ ይችላል። ደመወዙ እንዳለ የቆየ ግን መጠበቁ ኪሳራ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ማመልከቻው። ለሐበሻ የመጀመሪያው መሰናክል ስም ነው። የእኛ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም በአሜሪካ ፎርም ላይ እንደ ሞላው ሰው ፈቃድ ይቀመጣል፤ አንዱ ወረቀት የአባትን ስም መካከለኛ አድርጎ የአያትን መጨረሻ ያደርጋል፣ ሌላው የአያቱን ጨርሶ ይጥላል። የልደት ቀንም እንዲሁ፤ ከኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ሲለወጥ በቀን ወይም በዓመት የተዛባ፣ አለዚያም ሁሉ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተሞላ አለ። ቢኮን ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ያስተያያል፤ ስለዚህ የሚሞላው ትክክለኛው ስም ሳይሆን በሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ላይ ያለው ስም ነው፣ ስህተት ቢኖርበትም እንኳ እንዳለ። ማስተካከሉ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄደው የሚያደርጉት ሌላ ሥራ ነው፤ በክሌም መሐል ባይጀምሩት ይመረጣል። ዜጋ ያልሆነ ሰው የግሪን ካርዱን ወይም የወርክ ፐርሚቱን ቁጥር ያስገባል፤ ስቴቱ ያን ቁጥር ከፌዴራሉ የኢሚግሬሽን መዝገብ ጋር ያመሳክረዋል። ሕጉ በሁለት ጊዜ ነው የሚጠይቀው፦ ደመወዙ ሲገኝም የሥራ ፈቃድ መኖር አለበት፣ ክፍያው ሲወሰድም። ክሌም ላይ እያሉ ፈቃዱ የሚያልቅ ከሆነ ያደሱበትን ማስረጃ ሳይጠየቁ ቀድመው ቢያስገቡ ክፍያው ከመቆም ይድናል።

ሁለተኛው መሰናክል ብዙም የማይነገርለት የአማርኛ ግስ ነው። «ሥራ ለቀቅኩ» በእኛ ዘንድ ተቀንሶ የወጣውም፣ ኮንትራቱ ያለቀውም፣ ቤቱ የተዘጋበትም የሚለው ነው። አስተርጓሚው ግን ቃሉን እንዳለ ወስዶ «በገዛ ፈቃዱ ተወ» ያደርገዋል፤ በፎርሙ ላይ ያ ቃል ሌላ በር ነው። ያለ በቂ ምክንያት ሥራውን በፈቃዱ የተወ ሰው ሜሪላንድ ውስጥ እንደገና ሥራ ይዞ የሳምንት ክፍያውን 15 እጥፍ እስኪያገኝ ድረስ አይከፈለውም። «ተባረርኩ»ም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ የጥፋት ጥያቄ ያስነሣል፣ ቀላሉ ጥፋት እንኳ ከ10 እስከ 15 ሳምንት ያስቀጣል። ሥራው ስለቀነሰ የወጣ ሰው በፎርሙ ላይ «ሌይ ኦፍ» ወይም «ሥራ በመጥፋቱ» የሚለውን ይምረጥ፤ በስልክ ሲጠየቅም «አሠሪው ሥራ የለም ብሎ አሰናበተኝ» ይበል። በቁጥር ማስረዳት ከሁሉ ይሻላል፦ «ከ40 ሰዓት ወደ 16 አወረዱኝ፣ ከዚያ ከፕሮግራም አወጡኝ»። በቴምፕ ኤጀንሲ የሠራ ሰው ምድቡ ባለቀ በማግስቱ ኤጀንሲውን ሌላ ምድብ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ካልጠየቀ «ጥሎ ጠፋ» ሊባልና ሥራ ያለቀበት ሰው ሥራ እንደተወ ሊቆጠር ይችላል።

ማመልከቻው ከገባ በኋላ ያለው ዋና ሥራ ሳምንታዊው ሰርቲፊኬሽን፣ ማለትም ክፍያ ለመውሰድ በየሳምንቱ የሚሞላው ጥያቄ፣ ነው፤ ከሥርዓቱ ሁሉ ይበልጥ ሰው የሚጥለውም እሱ ነው። የክሌም ሳምንት ከእሑድ እስከ ቅዳሜ ነው። ያለፈው ሳምንት የሚሞላው ከእሑድ ንጋት ጀምሮ እስከ ቀጣዩ ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ነው። አንዲት ቅዳሜ ካመለጠች የዚያ ሳምንት ክፍያ ይቀራል፣ ክሌሙም ይተኛል፤ ለመቀስቀስ «ሪኦፕን» ማድረግ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ማመልከቻ ገና አልተወሰነም ብለው ሳይሞሉ የሚጠብቁ ብዙዎች ናቸው፤ ውሳኔው ከአምስት ሳምንት በኋላ «ይከፈል» ብሎ ሲመጣ ያልሞሉት አምስት ሳምንት ባዶ ሆኖ ያገኙታል። ተወሰነም አልተወሰነም፣ ይግባኝ ላይም ቢሆን፣ በየሳምንቱ ይሞላል። እሑድ ማለዳ ወይም ሰኞ ይሻላል፤ ቅዳሜ ማታ የይለፍ ቃል የጠፋበት ሰው የሚደውልበት የለውም።

ጥያቄዎቹ አጫጭር ናቸው፣ ክብደታቸው ግን አይታይም። «ሥራ ለመሥራት አቅምና ዝግጁነት ነበረዎት?» ለሚለው ሁለት ቀን የታመመ ሰው በደፈናው «አዎ» ካለ ስህተት ነው፣ «አይ» ብሎ ብቻ ከተወው ደግሞ ሳምንቱ ሙሉ ሊቆም ይችላል፤ የታመመባቸውን ቀናት ለይቶ መጻፍ አለበት። «ትምህርት ወይም ሥልጠና ላይ ነዎት?» ለሚለው የማታ እንግሊዝኛ የሚማር ሰው «አዎ» ሲል ኢሹ ይወጣል፤ መልሱ እውነት ስለሆነ አይቀየርም፣ ነገር ግን ክፍሉ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነና ሥራ ቢመጣ እንደሚያስተካክለው በዚያው መጻፍ ጉዳዩን ያሳጥረዋል። «ልጅ የሚይዝልኝ ስለሌለ የሌሊት ብቻ ነው የምሠራ» ያለም ራሱን ለሥራ ገበያው ጠባብ አድርጎ እንዳቀረበ ይታያል።

ገቢ ላይ የሚሠራው ስህተት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ሰው ቼኩ የገባበትን ሳምንት ይጽፋል፣ የተጣራውንም ገንዘብ ይጽፋል። የሚጠየቀው ሥራው የተሠራበት ሳምንትና ታክስ ሳይቆረጥ ያለው፣ ግሮሱ ነው። ሁለት ቀን ተጠርቶ 12 ሰዓት በ15 ዶላር የሠራ ሰው ገንዘቡ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢመጣም በዚያው ሳምንት 180 ዶላር ብሎ ያሳውቃል። ሜሪላንድ የመጀመሪያውን 50 ዶላር ትቶ ቀሪውን ይቀንሳል፤ የሳምንት ክፍያው 300 ለሆነ ሰው 130 ተቀንሶ 170 ይከፈለዋል። ጥቂት ሰዓት መሥራት ክፍያውን ጨርሶ ያጠፋል የሚለው ወሬ ስህተት ነው፤ በምሳሌው ሰውዬው በድምሩ 350 ይዞ ነው የሚወጣው። ቲፕም ገቢ ነው። መደበቅ አያዋጣም፤ ስቴቱ ቀጣሪዎች የሚያስገቡትን የአዲስ ቅጥርና የሩብ ዓመት ደመወዝ መዝገብ ከሰርቲፊኬሽኑ ጋር ያስተያያል፣ መልሱ ከወራት በኋላ ቢመጣም መምጣቱ አይቀርም። ማጭበርበር ከተባለ ገንዘቡ ከ15 በመቶ ቅጣትና በየወሩ ከሚጨምር ወለድ ጋር ይመለሳል፣ ለአንድ ዓመትም ክፍያ ይከለከላል።

ሥራ ሲቆም «እግረ መንገዴን አዲስ አበባ ደርሼ ልምጣ» ማለት የተለመደ ነው። አገር ቤት ያሉበት ሳምንት ለሥራ ዝግጁ የሆኑበት ሳምንት ስላልሆነ ክፍያ የለውም። በቪፒኤን መግባት፣ ወይም «ወንድሜ እዚያ ሆኖ ይሙላልኝ» ማለት ቀላል ይመስላል፤ ሁለቱም ማጭበርበር ናቸው፣ የአውሮፕላን ማረፊያ መዝገብ ደግሞ አይጠፋም። ሳምንቱን ትቶ ሲመለሱ ክሌሙን ሪኦፕን ማድረግ ነው መንገዱ፤ ያልተወሰደው ገንዘብ በክሌሙ ዓመት ውስጥ ይቆያል።

የሥራ ፍለጋው መስፈርት ከተነሣ፣ ሜሪላንድ በሳምንት ሦስት እንቅስቃሴ ይጠይቃል፣ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ቀጣሪ ጋር በቀጥታ ሥራ መጠየቅ መሆን አለበት። ሌሎቹ ሬዙሜ ማስገባት፣ የሥራ አውደ ርዕይ መሄድ፣ የቃለ መጠይቅ ልምምድ የመሳሰሉት ናቸው። የሚመዘገቡት «ሜሪላንድ ወርክፎርስ ኤክስቼንጅ» በሚባለው ሌላ ድረ ገጽ ነው። ሁለት ድረ ገጽ፣ ሁለት መግቢያ፤ በአንደኛው ሰርቲፊኬሽን ሞልቶ ሁለተኛውን የረሳ ሰው ግማሹን ነው የሠራው። ዲሲ በሳምንት ሁለት ቀጣሪ ይበቃዋል። መዝገቡ ላይ ቀኑ፣ የድርጅቱ ስም፣ የሥራው መጠሪያ፣ በምን መንገድ እንዳመለከቱና ምን መልስ እንዳገኙ ይጻፍ። «ጓደኛዬ የሚሠራበት ሆቴል ጠየቅኩ» ስም፣ ቀንና የተጠየቀ ሰው ከሌለው አይቆጠርም። እኛ ሥራ የምናገኘው በሰው በሰው ስለሆነ ይህ ክፍል ይከብዳል፤ መፍትሔው በሰው የተጠየቀውን ሥራ በድርጅቱ ድረ ገጽም ማመልከትና የማረጋገጫ ኢሜይሉን ማስቀመጥ ነው። በዕጣ የሚመረጡ ፋይሎች በየሳምንቱ ይመረመራሉ፤ ማስረጃ የሚጠየቀው ያኔ ነው። «ሪኤምፕሎይመንት» የሚል ቃል ያለበት የስብሰባ ጥሪ ከመጣ ደግሞ ማስታወቂያ መስሎት የሚተወው ሰው ክፍያው ይቆምበታል፤ መገኘቱ ግዴታ ነው።

ስልኩና አማርኛው ለብቻቸው ሊመዘኑ ይገባል። የቢኮን ጥያቄዎች የሕግ ቃል ይበዛባቸዋል፤ በስልክ ተርጓሚ የሚሰምሩ ቃላት አይደሉም። አስተርጓሚ ነጻ ነው፣ በመስመር ላይ ይመጣል፤ ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «አማርኛ» ብሎ መጠየቅ ነው። ዲሲ በዚህ ትበልጣለች፤ በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ መሥሪያ ቤቶቿን አስተርጓሚ እንዲያቀርቡና ዋና ዋና ሰነዶችን እንዲተረጉሙ ያስገድዳል፣ አማርኛም ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። በድረ ገጹ ላይ ያለው የውይይት ሮቦት ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ ፋይልዎን አይቶ ኢሹ አያነሣም። መደወል ካለብዎት ሰኞን ይዝለሉ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ በማለዳ ይሞክሩ፤ ሲያገኙ «ክፍያዬ የት ደረሰ?» ከማለት «ፋይሌ ላይ ያለው ኢሹ ምንድን ነው? ከእኔ የሚጠበቅ ወረቀት አለ?» ብለው ይጠይቁ። የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ «ይጠብቁ» ነው።

ማመልከቻ ለመሙላት መቶ ዶላር የሚያስከፍሉ ሰዎች በየሠፈሩ አሉ። ማመልከቱ ነጻ ነው፣ የሚያግዙ የሥራ ማእከላትም አሉ። የይለፍ ቃልና የባንክ ቁጥር አሳልፎ የሰጠ ሰው ክፍያው ወደ ሌላ ባንክ ሲዞር የሚያማርረው ራሱን ነው፤ ሌላ ሰው የሞላው ሐሰትም የሚጠየቀው በባለቤቱ ስም ነው።

ኢሹ ወጥቶ ውሳኔው «አይከፈልም» ካለ፣ የይግባኝ ጊዜው ሜሪላንድና ዲሲ 15 ቀን፣ ቨርጂኒያ 30 ቀን ነው። የኢሜይል መልእክት የመረጠ ሰው የሚደርሰው «አዲስ ደብዳቤ አለዎት» የሚል ብቻ ነው፤ ደብዳቤው ራሱ ቢኮን ውስጥ ተቀምጦ ቀኑ ይቆጥራል። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ጊዜ የደብዳቤ ሣጥኑን መክፈት ያስፈልጋል። ይግባኙ ሁለት መስመር ይበቃዋል፦ በውሳኔው አልስማማም፣ አስተርጓሚ ያስፈልገኛል። ክርክሩ የሚሠራው በችሎቱ ቀን ነው፣ ብዙ ጊዜም በስልክ ነው። «በጥፋቱ ነው ያባረርኩት» የሚል ቀጣሪ ጥፋቱን የማስረዳት ሸክም የራሱ ነው፤ «በበቂ ምክንያት ተውኩ» የሚል ሠራተኛ ደግሞ የእሱ። የጽሑፍ መልእክት፣ የፈረቃ ፕሮግራም ፎቶ፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ እንደሆነ ደብዳቤው ከችሎቱ በፊት ለዳኛውም ለቀጣሪውም መድረስ አለበት፤ በስልክ «አሁን ላሳይዎ» ማለት አይቻልም። አንድ የዓይን ምስክር ከአምስት የምስጋና ደብዳቤ ይበልጣል። ዲሲ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበራት ምክር ቤት የሚያካሂደው «ክሌማንት አድቮኬሲ ፕሮግራም» ለሥራ አጡ በነጻ ይቆማል፤ በሜሪላንድ ሊጋል ኤይድ መጠየቅ ይቻላል። ኦክቶበር 2025 ላይ የጀመረው የ43 ቀን የመንግሥት መዘጋት እንዳሳየው ደግሞ ክፍያ ወስዶ ኋላ ደመወዙ የተመለሰለት የፌዴራል ሠራተኛ የወሰደውን መመለስ ነበረበት፤ ያለ ምንም ጥፋት ኦቨርፔይመንት፣ ማለትም የተከፈለን መልስ የሚል ዕዳ፣ ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ያለው ሲመጣ ዝም ማለት የለም፤ ስህተት ከሆነ ይግባኝ፣ እውነት ሆኖ አቅም ከሌለ ይቅርታ ወይም በክፍፍል መክፈል ይጠየቃል።

ታክሱን የሚረሳ ብዙ ነው። ክፍያው በፌዴራልም በሜሪላንድም ገቢ ነው፤ ጃንዋሪ ላይ 1099 ጂ የሚባል ወረቀት ይወጣል። ሲያመለክቱ ይቆረጥልኝ ካሉ 10 በመቶ ለፌዴራል፣ 7 በመቶ ለሜሪላንድ ይወሰዳል። ከ300ው 249 ሲደርስ ያበሳጫል፤ ኤፕሪል ላይ በአንዴ ከመክፈል ግን ይሻላል።

አዲስ ሥራ ሲገኝ የመጀመሪያው ቀን የተሠራበት ሳምንት ያለ ቼክ እንኳ በግሮስ ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ ሰርቲፊኬሽኑን ማቆም ይበቃል፣ የሚዘጋ ነገር የለም። የይለፍ ቃሉን ግን አይጣሉ። አዲሱ ሥራ በሦስተኛው ወር ቢቆም፣ የክሌሙ ዓመት እስካላለቀ ድረስ፣ የቀረው ገንዘብ የሚነሣው በዚያው አካውንት ነው።